ሰርዶ ያበቀለች አህያ

«እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል፣ አለች አህያ» እንላለን። ለራሱ ብቻ የሚኖር ሰው ሲያናድደን የምንወረውራት አባባል ናት። ከወረወርናት በኋላ ስለ አህያዋ የሚጨነቅ የለም። እኔን ግን ሁልጊዜ ይከነክነኛል። ዕድሜዋን ሙሉ የሌላውን ውሃ፣ የሌላውን እህል፣ የሌላውን ጨው ተሸክማ የምትኖር እንስሳ እንዴት የስስት ምሳሌ ትሆናለች? ይህን ተረት የጻፍኩት ለእሷ ስል ነው።

ተረት ተረት።

በአንድ ደጋ አገር አንድ ተራራ ነበር። አናቱ ላይ ጓሳ የሚባለው ሣር ይበቅልበታል፤ እዚያ ጭላዳዎች ይኖራሉ። ከእነሱ ዝቅ ብሎ በገደሉ ስንጥቅ ሽኮኮ፣ ከገደሉ ሥር በቁጥቋጦው ዝንጀሮና ጃርት፣ ከአፈሩ በታች ፍልፈል። ግርጌው ላይ ላምና በሬ፣ በግና ፍየል፣ ውሻና አውራ ዶሮ ጎጆ ቀልሰው ይኖራሉ። ከመንደሩ ጫፍ፣ ከአንድ ትልቅ ወይራ ሥር ምንጭ ይፈልቃል። ይህ ምንጭ ክረምትን ከክረምት የሚያገናኝ ነበር፤ ሰኔ ሲገባ የዓምናው ውሃ ሳያልቅ አዲሱ ይደርስበታል።

ከጊዜ በኋላ መቅጠን ጀመረ። መጀመሪያ ግንቦት ላይ ነጠፈ፤ ያን ዓመት ብዙም አልተወራም። ከሁለት ዓመት በኋላ ሚያዝያ ላይ፣ ከዚያ መጋቢት፣ ከዚያም የካቲት። ውሃው ሲያንስ ሰላምታውም አብሮ አነሰ። ላም «ሣሩን ከነሥሩ የምትነቅለው እሷ ናት» ብላ ፍየልን ከሰሰች። ፍየል ዝንጀሮን፣ ዝንጀሮ ጃርትን ከሰሰ። ጃርት የሚከሰው ቢያጣ «ከሥር እየቦረቦረ ውሃውን ያሰረገው እሱ ነው» ብሎ ፍልፈልን ከሰሰ። ፍልፈል መሬት ውስጥ ስለሆነ ክሱን አልሰማም።

በሬ ክርክር አይወድም፤ በጉልበቱ ነው የሚያምነው። ከምንጩ ትንሽ ከፍ ብሎ የራሱን ጉድጓድ ቆፈረና ውሃ አገኘ። በማግስቱ የምንጩ ውሃ በግማሽ ቀነሰ። ዝንጀሮ ይህን አይቶ ከበሬው ጉድጓድ በላይ ቆፈረ፤ የበሬው ደረቀ። ጃርት ከዝንጀሮው በላይ ቆፈረ፤ የዝንጀሮው ደረቀ። በአንድ በጋ ሰባት ጉድጓድ ተቆፈረ። ከመሬት በታች ያለው ውሃ አንድ መሆኑን፣ ከላይ ያለው ሲቀዳ ከታች ካለው ጎረቤቱ ማድጋ እየቀዳ መሆኑን ያሰበ አልነበረም። የሰባቱ ውሃ ተደምሮ ያን አንድ ምንጭ አያክልም ነበር።

በዚህ ሁሉ ደስ ያለው አያ ጅቦ ነው። ውሃው ለቀን ስለማይበቃ ወረፋው እስከ ሌሊት ይዘልቃል፤ በሌሊት ወረፋ ደግሞ ደካማ፣ ሕፃን፣ ቆሞ ያንቀላፋ አይጠፋም።

አህያዋ ወደዚያ አገር የመጣችው በአንድ የጥቅምት ማለዳ ነው። ከሲራራ ነጋዴ ጋር 18 ዓመት ዞራለች። ጀርባዋ ቆስሎ ጉልበቷ ሲከዳት ነጋዴው ጭነቷን ወደ ሌላዋ አዛውሮ፣ ከወይራው ሥር ትቷት ሄደ። ሦስት ቀን ጎኗን አሳረፈች። በአራተኛው ቀን ላሚቱ ወልዳ መነሳት እንዳቃታት ሰማችና ሁለት እንስራ ውሃ ጭና ወሰደችላት። በሳምንቱ እግሩ ለተሰበረው ውሻ አደረሰች። ከዚያ ለሁሉም። ስለዚህ ዓመት ሳይሞላት የሁሉንም ደጃፍ አወቀች፤ ማን በቀን ምን ያህል እንደሚጠጣ፣ ማን ከማን እንደተኳረፈ፣ የማን ደጅ ላይ መናገር፣ የማን ደጅ ላይ ዝም ብሎ መቆም እንደሚሻል። «እመት አህዪት» ይሏት ጀመር።

ሐምሌ ላይ አንድ ቀን ለሽኮኮ ጨው አድርሳ ስትመለስ ዝናብ መንገድ ላይ ያዛት። የምትጠለልበት ስላልነበረ ቆመች። ውሃው ራቁቱን በቀረው ተዳፋት ላይ እየተንደረደረ፣ አፈሩን አዝሎ፣ በቦረቦሩ ወደ ታች ሲነጉድ አየች። ሲያባራ ወደ ኋላዋ ዞር አለች። የኮቴዋ ዱካ እያንዳንዱ ውሃ ይዞ ቆሟል። እሷም ቆማ ጠበቀች። በዱካው የቆመው ውሃ ቀስ በቀስ ወደ መሬት ሰረገ። በቦረቦሩ የሄደው ግን አንድ ጠብታ ሳያስቀር አገር ጥሎ ሄዷል።

ያየችውን ይዛ ፍልፈልን ልትጠይቅ ሄደች።

«እመት፣ እስከ ዛሬ የጠየቀኝ የለም እንጂ እኔስ አውቀው ነበር» አላት ፍልፈል፣ ትንንሽ ዓይኖቹን እያጨናበሰ። «ድሮ ኅዳር ላይ ጓዳዬ ይረጥብና ልጆቼን ይበርዳቸው ነበር። አሁን በኅዳር አቧራ ነው የምቆፍረው። ከላይ ካልገባ ከታች ከየት ይወጣል?»

አህያዋ ይህን ስትሰማ አንድ አገር ትዝ አላት። ነጋዴው ጥጥ ሊገዛ ወደ ደቡብ በወረደ ጊዜ ኮንሶን አይታለች፤ ተራራው ከግርጌ እስከ አናት በድንጋይ ካብ ደረጃ በደረጃ ተሠርቶ፣ በየካቡ ላይ አፈሩ ተኝቶ፣ በአፈሩ ላይ ማሽላው ቆሞ። (ኮንሶ ተረት አይደለም። 21 ትውልድ፣ ከ400 ዓመት በላይ፣ አባት የካበውን ልጅ እየጠገነ ያቆየው እርከን ነው። በ2003 ዓ.ም. ዩኔስኮ ከዓለም ቅርሶች መዝገብ ሲያሰፍረው 55 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሆን መሬት ከነእርከኑና ከነመንደሩ መዝግቧል። ጎረቤታሞች አብረው የካቡት ድንጋይ ከነገሥታት ሐውልት እኩል ቅርስ መባሉ እኔን ያኮራኛል።)

እሑድ ዕለት ሁሉንም ወይራው ሥር ጠራች። መጡ። ያየችውን ነገረቻቸው። ያማረ ንግግር ያላደረገ አልነበረም። በሬ ስለ አንድነት ተናገረ። ዝንጀሮ ከበሬው የረዘመ ንግግር አደረገ። በግ እንባዋን ጠረገች። አውራ ዶሮ ሰኞ ጎህ ሲቀድ ሁሉንም እንደሚቀሰቅስ ቃል ገባ፤ ተጨበጨበ።

ሰኞ ዶሮው ጮኸ። አህያዋና ፍልፈል ብቻ ወጡ። ሌሎቹም ነቅተው ነበር፤ በየበራቸው ቀዳዳ፣ ሌላው መውጣት አለመውጣቱን ያያሉ። ክፉ የሚባል አንድም አልነበረባቸውም። ሁሉም የፈራው ብቻውን ለፍቶ የሚሳቅበት ሞኝ መሆንን ነው። ፀሐይ ወጣች፤ ሌላ የወጣ ስላላዩ አልወጡም፤ ስላልወጡም የወጣ አልታየም።

ማክሰኞ ፍየል መንገድ ላይ አገኘቻት። «"እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል" ያለችው አያትሽ አይደለችም እንዴ? ዛሬ አንቺ ላገር አሳቢ ሆንሽ?» አለቻት። እነ በግ ሳቁ። አህያዋ ጆሮዋን ዝቅ አድርጋ አለፈች።

የካቲት ገባ። ምንጩ ሊነጥፍ ሲል፣ አንድ ሌሊት ወረፋው ላይ አያ ጅቦ ከጥሻው ውስጥ አሽካካ። ሁሉም ደንብሮ ሮጠ። ሲረጋጉ የላሚቱ ጥጃ ከእግራቸው ሥር ተረጋግጦ ሞቶ ተገኘ።

በነጋው መንደሩ በሙሉ ላሚቱ ደጅ ነበር። አህያዋ ዳር ቆማ አየች። ጃርት መቃብር ይቆፍራል። በሬ የመቃብሩን ድንጋይ ይጎትታል። በግ ንፍሮ ቀቅላ መጥታለች። ውሻ በር ላይ ቆሞ ለቀስተኛ ይቀበላል። ከላሚቱ ጋር ዓመት ሙሉ ተኳርፋ የኖረችው ፍየል አጠገቧ ተቀምጣ ታለቅሳለች። ሽኮኮ እንኳ ከገደሉ ወርዷል።

አህያዋ ወደ ጃርት ጠጋ አለች። «አያ ጃርት፣ ማን ጠራህ?»

«ልቅሶ በጥሪ ነው እንዴ፣ እመት?»

«ቆፍር ያለህስ ማን ነው?»

«ሲሞት የምቆፍረው እኔ ነኝ። ሁሉም ያውቀዋል» አለና ወደ ሥራው ተመለሰ።

ያን ሌሊት አልተኛችም። ጎረቤቶቿ አብሮ መሥራት አይችሉም ብላ አዝና ነበር። ይችላሉ። ለሞት ሲሆን እያንዳንዱ ድርሻው የትኛው እንደሆነ ያውቃል፤ ድርሻውን የሚያውቅ ደግሞ ሌላው መጣ አልመጣ ብሎ በበር ቀዳዳ አያይም።

በእድር ውስጥ የኖርን ሁሉ ይህን እናውቀዋለን። ሰው ሲሞት ድንኳኑ ወዲያው ይተከላል፤ አግዳሚው፣ ሰሐኑ፣ ብረት ድስቱ ከእድሩ ዕቃ ቤት ይወጣል፤ ማን እንደሚያድር፣ ማን እንግዳ እንደሚያስተናግድ ክርክር የለም። ያው ሰፈር፣ ያው ሰው፣ የተደፈነ የጎርፍ ቱቦ በጋራ ለመክፈት ግን ክረምት ከክረምት ይጠብቃል። ሰዉ አልተለወጠም። በሕይወት ላለው ጎረቤቱ ድርሻው የትኛው እንደሆነ የነገረው የለም። እኔ ይህን ባሰብኩ ቁጥር ልቤ ያዝናል፤ ተስፋም የማደርገው በዚሁ ነው።

አህያዋ ከዚያ ወዲያ ስብሰባ አልጠራችም። ማታ ማታ ውሃ ስታደርስ በየደጁ ትንሽ ትቆያለች። ጥያቄዋ አንድ ነው፦ «አንተ ምን ይቀናሃል?»

ዝንጀሮ ድንጋይ ይቀናዋል። ልጆቹ ቀኑን ሙሉ ድንጋይ ሲያንከባልሉ ነው የሚውሉት፤ የቀረው ወደ አንድ ቦታ ማንከባለል ነው። ጃርትና ፍልፈል ከካቡ በላይ ያለውን ቦይ ይቆፍራሉ። በሬ ትልልቁን ድንጋይ ይጎትታል። ሽኮኮ ከገደሉ ላይ ሆኖ ደመና ሲያይ ያፏጫል። እንቁራሪት ውሃ ልክ ሆነች፤ ሰፊ ቅል በውሃ ሞልተው መሃሉ ላይ ያስቀምጧታል፣ ካቡ በየት በኩል እንደዘመመ ከእሷ ሆድ የተሻለ የሚያውቅ አልተገኘም። ላሚቱ፣ ሐዘኗ ያልወጣላት፣ «እኔ ምንም አልችልም» አለች። አህያዋ «አውቃለሁ» ብላ አጠገቧ አደረች። በሳምንቱ ላሚቱ ራሷ መጥታ «ለደቦው እርጎ እኔ አመጣለሁ» አለች።

ከባዱ የፍየል ነበር። ስድቧን የረሳች መስላ «የኔስ ድርሻ?» ብላ ጠየቀች።

«ያንቺ ድርሻ አለመምጣት ነው» አለቻት አህያዋ። «ሣሩ እስኪይዝ ሦስት ክረምት ተራራው ላይ አትወጪም። ቅጠሉን እየቆረጥን ደጅሽ እናመጣልሻለን።»

ፍየል ይህ የስድቡ ብድር እንደሆነ ልትጠይቅ አፏን ከፈተች፤ የአህያዋን ዓይን አየችና ዘጋችው። በማግስቱ ራሷ ገመድ ይዛ መጣች። ድንጋይ የተሸከመ ማታ ያርፋል፤ ፍየል ግን ሦስት ዓመት ሙሉ አረንጓዴውን ከሩቅ እያየች ታስራ ኖረች። ካቡን የሚያደንቅ የእሷን ገመድ እንዳይረሳ እለምናለሁ።

የቀሩት ጭላዳዎች ናቸው። የጎርፍ ሥራ ከግርጌ አይጀመርም፤ ከታች የተካበውን ከላይ የሚመጣው ይጠርገዋል። ከአናት መጀመር አለበት፤ አናቱ ደግሞ የጭላዳዎች ነው። አህያዋ ሁለት ቀን ወጥታ ደረሰች። ደረቱ ላይ ቀይ ምልክት ያለው፣ ጎፈሩ የአንበሳ የሚመስል ሽማግሌ ጭላዳ ተቀበላት።

«እመት አህዪት፣ እንኳን ደህና መጡ። ጉዳዩን ሰምተናል። አንድ ነገር ልጠይቅዎ። እኛ ከዚያ ምንጭ ጠጥተን አናውቅም። ጠል እንልሳለን፣ ከአለት ሥር የሚንጠባጠበውን እንጠጣለን። ለእናንተ ምንጭ ብለን ሣራችንን የምንተወው ለምንድን ነው?»

እውነተኛ ጥያቄ ነበር። ጎረቤት ስለሆናችሁ፣ አገር አንድ ስለሆነ ብላ ልትመልስ ትችል ነበር፤ ብዙዎቻችን እንደዚያ ነው የምንመልሰው። እሷ ግን «እውነትዎን ነው፣ አባቴ» አለች። «ድካሙ የእናንተ፣ ውሃው የእኛ ነው። ለእናንተስ ምን ይጎድላችኋል?»

ሽማግሌው ቆየት አለ። ከታች መጥቶ እንዲህ ብሎ የጠየቀው አልነበረም። «በጋው ሲረዝም ሣሩ ያልቅና ሥሩን እንነቅላለን» አለ በመጨረሻ። «እንደሚጎዳን ጠፍቶን አይደለም፤ ልጅ ሲርበው ምን ይደረጋል? ሌሊት ደግሞ ነብር አለ።»

ይህን ይዛ ወረደች። ታች አንድ ሙሉ ሌሊት ተከራከሩበት። በሬ «እኔ አርሼ ላልዘራ ገለባ ልሸከም?» ብሎ ተቆጣ። በግ፣ ብዙም የማትናገረው፣ «እኛስ እነሱ ካልነኩት ሣር ሥር የሚመጣውን ውሃ በነፃ ልንጠጣ አይደል?» አለችው። በሬ ቀንዱን ዝቅ አደረገ። ሲነጋ ውሉ አለቀ። የአናቱ ሣር ግማሹ ለሦስት ዓመት ይከለላል። ከታች ያሉት በየሳምንቱ በተራ የገብስ ገለባ ወደ ላይ ያወጣሉ። ውሻ ጭላዳዎቹ በሚያድሩበት ገደል አፋፍ ያድራል። የላይኛውን ካብ ጭላዳዎች ራሳቸው ይሠራሉ፤ ቀጫጭን ጣታቸው ትንንሹን ድንጋይ ሲሰካ የሚስተካከለው የለም።

የመንዝን ጓሳ የሚያውቅ ሰው በዚህ ውል አይገረምም። እዚያ ሕዝቡ ቄሮ በሚባል ሥርዓት ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የጋራውን መሬት ሲከልል፣ ሣሩ እስኪደርስ ለዓመታት ሳይነካ ሲጠብቅ፣ ሲከፈት አብሮ ሲያጭድ እስከ 1967 ዓ.ም. ኖሯል። ጭላዳውም ቀይ ቀበሮውም ዛሬም እዚያ አሉ።

በጥር ደቦው ወጣ። በመጀመሪያው ቀን አምስት ነበሩ፤ በሁለተኛው ሳምንት የጎደለ አልነበረም። ካብ፣ ከካቡ በላይ ቦይ፣ በቦረቦሩ ላይ ክትር። አህያዋ ድንጋይ መሸከም አትችልም። በየቀኑ ከምንጩ ዳር በአፏ ሰርዶ እየነቀለች ትወጣና ሥሩን በካቡ ትከሻ ላይ ትቀብረዋለች። ሰርዶ አንጓው መሬት በነካበት ሁሉ ሥር ይሰዳል፤ አፈሩን እንደ መረብ ይይዘዋል።

ፍየል ከታሰረችበት «የምትወጂውን ሣር ነዋ የምትተክይው!» ብላ ጮኸችባት።

«አዎ፣ እወደዋለሁ» አለች አህያዋ። «ስለምወደው ነው የት እንደሚይዝ የማውቀው።»

ሰኔ ላይ የመጀመሪያው ጎርፍ ሦስተኛውን ካብ ናደው። ጠዋት ሁሉም እዚያ ቆሙ፤ ዓይኖች ቀስ እያሉ ወደ በሬ ዞሩ፤ ያን ጋ የሠራው እሱ ነበር። በሬ መሬቱን በኮቴው መጫር ጀመረ። አህያዋ ፈጠን ብላ እንቁራሪቷን ከነቅሏ አስቀመጠቻትና «የቱ ጋ ነው የዘመመው?» አለች። «እዚህ። አንድ ስንዝር» አለች እንቁራሪት። ሁሉም ጎንበስ ብለው ያን ስንዝር አዩ። እስከ ቀትር ካቡ ተመለሰ። በሬ ያን ቀን የሁለት ቀን ድንጋይ ጎተተ።

አያ ጅቦም ሥራውን አልተወም። ማታ ማታ በየአጥሩ ሥር «ገለባውን የሚቆጥረው ማን ነው? በግ ግማሹን ቤቷ ታስቀራለች አሉ» እያለ ያልፋል። ወሬው ቤት ለቤት ገባ። አህያዋ በግን አልመረመረችም፤ ወሬውን ማን እንዳመጣም አልጠየቀችም። ወይራው ሥር ለእያንዳንዱ ቤት ቦታ ለየች፤ አንድ ሸክም ሲወጣ አንድ ጠጠር፣ በቀን፣ በሁሉም ፊት። ጭላዳዎችም ሲቀበሉ በበኩላቸው አንድ ጠጠር። በወሩ መጨረሻ ሁለቱ ተቆጠሩና እኩል ሆኑ። በግ አለቀሰች። ጅቡ ከዚያ ወዲያ የሚሰማው አጣ።

ተረት ስለሆነ ምንጩ በዓመቱ ሞላ ብል የሚከለክለኝ የለም። መሬት ግን እንደዚያ አይቸኩልም። በመጀመሪያው ዓመት ምንጩ እንደ ዓምናው የካቲት ላይ ነጠፈ። ዝንጀሮ ካቡ ላይ ተቀምጦ እጁን ዘረጋና «ይኸው» አለ። ከደቦው ግማሹ ቀረ። አህያዋ የቀሩትን አልወቀሰችም፤ ለእነሱም ውሃ ማድረሷን ቀጠለች፤ ስትሄድ «ዛሬ አምስተኛውን ካብ ጨረስን» ብቻ ትላቸዋለች።

በሁለተኛው ዓመት ኅዳር ላይ ፍልፈል ከጉድጓዱ ወጥቶ በመንደሩ መሃል ጮኸ። «ልጆቼን በረዳቸው! ልጆቼን በረዳቸው!» ብዙዎቹ ያበደ መሰላቸው። አህያዋ ግን ተንበረከከች።

ያን ጊዜ የሰባቱ ጉድጓድ ነገር ተነሳ። ጉድጓዶቹ እያሉ ወደ ምንጩ የሚወርደው ውሃ በየመንገዱ ይቀዳል። ይደፈኑ ሲባል ሁሉም አመነ፤ ማን ይቅደም ሲባል ሁሉም ዝም አለ። «የኔን ብደፍን ሌላው ባይደፍንስ?» አህያዋ ይህን ፍርሃት ከዚያ ሰኞ ጠዋት ጀምሮ ታውቀዋለች። ሰባቱን ባለቤቶች እያንዳንዳቸውን በሌላው ጉድጓድ አፍ ላይ አቆመቻቸው። በሬ በጃርት ጉድጓድ፣ ጃርት በዝንጀሮ፣ ዝንጀሮ በበሬ። ዶሮው ሲጮህ ሰባቱም አንድ ላይ ድንጋይ ለቀቁ። በዚያ ዓመት ምንጩ እስከ ሚያዝያ ቆየ። ደቦውን የተዉት አንድ አንድ እያሉ ተመለሱ፤ ለምን ቀራችሁ ያላቸው አልነበረም።

በሦስተኛው ዓመት፣ ግንቦት ላይ፣ አህያዋ ጠዋት ከምንጩ ጠጣች። በግንቦት። ከዚያ ገለባዋን ጭና ወጣች። ሰባተኛው ካብ ላይ ስትደርስ ጉልበቷ ተንበረከከ፤ ከዚያ ወዲያ አልተነሳችም። ጃርት ነው ያገኛት።

«ገለባው» አለችው። «ዛሬ የበሬ ቤት ተራ ነው፤ እሱ አሞት እኔ ያዝኩለት። ጠጠሩን በእሱ ቤት ቁጠሩት።» ሌላ ቃል አልተናገረችም።

«የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም» ይባላል። እሷ ባልም አልነበራት። ሲጨልም አያ ጅቦ ሽታውን ተከትሎ ወጣ። ሰባተኛው ካብ ጋ ሲደርስ ካቡ ላይ ጥቁር ጥቁር ነገር ተደርድሮ አየ። በሬ ከነሕመሙ፣ ውሻ፣ ዝንጀሮ ከነልጆቹ፣ ጃርት እሾሁን አቁሞ፣ ላሚቱ፣ በግ። ከላይ ጭላዳዎች ድንጋይ ይዘው። ፍየልም ገመዷን በጥሳ መጥታ ከፊት ቆማለች። ዶሮው አልጮኸም ነበር። ስብሰባም አልተጠራም። ጅቡ ሦስቴ ዞረ፤ ሦስቴም ክፍተት አጣ። እስኪነጋ ቆሙ።

ጠዋት ጃርት ቆፈረ። በሬ ድንጋይ ጎተተ። እዚያው ካቡ ትከሻ ላይ ቀበሯት። ልቅሶው ሲያበቃ ዝንጀሮ የቀረውን ገለባ በጀርባው አድርጎ ወደ ላይ ወጣ፤ ወይራው ሥርም በበሬ ቤት አንድ ጠጠር ተጨመረ።

ሰኔ ሲገባ ምንጩ ገና ይፈስ ነበር።

መስከረም ላይ የፍየል ሦስት ክረምት ሞላና ገመዷ ተፈታ። ግልገሏን አስከትላ ተራራውን ወጣች። ሰባተኛው ካብ ላይ ግልገሉ ለምለም ሣር አይቶ አንገቱን ዘረጋ።

«ይህን ተወው፣ ልጄ» አለችው።

«ምን ሣር ነው፣ እማ?»

ፍየል ቆም ብላ አየችው። ያን ማክሰኞ፣ መንገድ ላይ የተናገረችውን አስታወሰች።

አህያዋ ከሞተች ብዙ ክረምት አልፏል። መቃብሯ ላይ ሰርዶ በቅሏል።